በመኪና ጥላ ሥር የሚያርፈው ሠራተኛ
በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ በከባድ መኪና አጠገብ የሚሠራውን ሰው ከመጨፍለቅ አደጋ ስለ መጠበቅ

የዋግ ሰው ከድንጋይ ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም። ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ሥራ መሆኑን ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ያን ዓለት የፈለፈሉት ጠቢባን የሠሩት በእጅ መሣሪያ ነበርና መዶሻው የሳተ እንደ ሆነ የሚጎዳው የመቺው የገዛ ጣቱ ነበር፤ አጠገቡ ቆሞ ፍርስራሹን የሚያነሣው ረዳት ብዙ ሥጋት አልነበረበትም። ዛሬ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ሃያ ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር በተሳሳተ ጊዜ በጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ኦፕሬተር ከወንበሩ ሳይነቃነቅ፣ የሚጨፈለቀው በእግሩ ቆሞ አካፋ የያዘው የቀን ሠራተኛ ነው። ስሕተቱ የአንዱ፣ ጉዳቱ የሌላው ይሆናል ማለት ነው። በከባድ መኪና አጠገብ የሚሠራ ሥራ ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው።

ሰቆጣ በጥንት ዘመን ከአፋር በረሃ በጭነት ከብት እየተጫነ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ለደጋው አገር የሚከፋፈልባት የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬም በፍየሉና በማሩ አገሩ ስሙ ይጠራል። ነገር ግን መንገድ በተቆረጠ፣ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ድንጋይ፣ ጠጠርና አሸዋም ዋጋ የሚያወጣ ሸቀጥ መሆኑ አልቀረም። በሰቆጣ ዙሪያ የብረት ማዕድን መኖሩ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ነጋዴውም፣ ባለሀብቱም፣ ሥራ ፈላጊው ወጣትም ዓይኑን ወደ ተራራው አቅንቷል። ከዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች ጋር የሚዋሰነው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ኖሮት በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዚህ ሸለቆ ከባድ መኪና ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ ዓመታትን የፈጀ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እንደዚህ ያለ ትልቅ ሥራ የራሱ የደኅንነት ሹም፣ የራሱ ክሊኒክና የራሱ ደንብ ይዞ ይመጣል። የሚያሳስበው ትንሹ ካባ ነው፤ አንድ ኤክስካቫተር፣ አንድ ሎደር፣ ሦስት ገልባጭ መኪና፣ አንድ ክሬሸርና ሠላሳ የቀን ሠራተኛ ያለው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተራራ ጥግ የተከፈተ ካባ።

በእንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገናኛሉ። ባለመኪናው መኪናውን በሰዓት ሒሳብ ያከራይና ራሱ በሌላ ከተማ ይቀመጣል። ኦፕሬተሩና ሾፌሩ ከመኪናው ጋር ከሩቅ አገር ይመጣሉ። የቀን ሠራተኛው ከአካባቢው ቀበሌ ይቀጠራል፤ ብዙውን ጊዜም አዝመራው ከገባ በኋላ በበጋ ወራት ብቻ የሚሠራ ገበሬ ነው። ኪራዩ በሰዓት ስለሚቆጠር ተከራዩ መኪናው አንዲት ደቂቃ እንኳ እንዲቆም አይወድም። ኦፕሬተሩ የሚያውቀው መኪናውን ነው እንጂ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አይደለም። ገበሬው ደግሞ በሬን ያውቃል፤ በሬ ከኋላው የቆመውን ሰው በጆሮው ሰምቶ ይጠነቀቃል፣ ባይጠነቀቅም እንኳ ይራገጣል እንጂ ሰውን አይደፈጥጥም። መኪና ግን ጆሮ የለውም። አደጋው የሚወለደው ከእነዚህ የሦስቱ አለመተዋወቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማይታየው ቦታ

ከፍ ባለ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሩቁን አሻግሮ ያያል፤ ቅርቡን ግን አያይም። የሎደሩ ባኬት ከፊቱ፣ ሞተሩ ከኋላው፣ የኤክስካቫተሩ ክንድ ከቀኝ ጎኑ ይጋርዱታል። ስፖኪዮ የሚያሳየው ጥቂቱን ነው፤ በአቧራ የተሸፈነ ስፖኪዮ ደግሞ ምንም አያሳይም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የብዙ ዓይነት መኪናዎችን ዕውር ቦታ በሥዕል እየለካ አሳትሟል፤ ሥዕሎቹን ያየ ሰው፣ በአንዳንዱ ትልቅ መኪና ዙሪያ የቆመ ሙሉ ሰው ከኦፕሬተሩ ዓይን ፈጽሞ የሚሰወርበት ስፍራ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ሲረዳ መገረሙ አይቀርም።

ይህን ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መጻፍ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው በቆመበት ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው በመኪናው ዙሪያ ይራመድ፤ ኦፕሬተሩ «ጠፋህብኝ» ባለበት ሁሉ ድንጋይ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ በድንጋዮቹ ላይ የኖራ መስመር ቢሰመር ዕውሩ ቦታ በሜዳ ላይ ተሥሎ ይታያል። ሠላሳው ሠራተኛ ዙሪያውን ቆሞ ይህን ሥዕል ቢያይ፣ በወረቀት ከተጻፈ ደንብ ይልቅ በልቡ ይቀርበታል። ወጪውም ግማሽ ሰዓትና አንድ ባልዲ ኖራ ነው። በዚህ ሙከራ ከሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው ራሱ ኦፕሬተሩ እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ገልባጭ መኪና በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብቻ ወደ ኋላ ቢሄድ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከኋላው አሥር ሜትር ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ የሚሰበስበው ሰው ያለው ዕድሜ አምስት ሴኮንድ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር ከ12 ሜትር በላይ ያልፋል። በጭነት ቁልቁል ሲወርድና መንገዱ ጠጠር ሲሆን ስንት ሜትር እንደሚጨመርበት የዋግን አቀበትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ ያስበው። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ለሲኖ ትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት በከንቱ አልነበረም፤ በከተማ ሰፊ አስፋልት ላይ እንዲህ ያሰኘ መኪና በጠባብ ካባ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመከረው ወደ ኋላ የሚሄድ መኪናን ቍጥር መቀነስ ነው። ካባው ሲከፈት መንገዱ በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት፣ ክብ ሆኖ ከተቀየሰ፣ መኪናው ጭኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ቦታው ጠባብ ሆኖ ይህ የማይቻል ከሆነ አንድ ምልክት ሰጪ ይቁም። አንድ ብቻ! ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ና፣ ና!» እያለ የሚጮኽበት ቦታ ምልክት ሰጪ የሌለበት ቦታ ነው። ሾፌሩም ምልክት ሰጪው ከስፖኪዮው የጠፋበት እንደ ሆነ በዚያው ቅጽበት መቆም አለበት፤ ምልክት ሰጪው ተነሥቶ የሄደ ይሁን ወይም ከጎማው ሥር የወደቀ ይሁን ሾፌሩ ሊያውቅ አይችልምና። የእግረኛው መንገድ ደግሞ ከመኪናው መንገድ በትላልቅ ድንጋይ ተለይቶ ይከለል። በካባ ውስጥ ድንጋይ እንደማይታጣ የታወቀ ነው።

የገደል ጫፍ ነገር ሲነሣ፣ ገልባጭ መኪና ጭነቱን በሚደፋበት ቦታ የአፈር ግድብ መኖር አለበት። የአሜሪካ የማዕድን ሥራ ደንብ ይህ ግድብ በስፍራው ከሚሠሩት መኪናዎች የትልቁን የጎማ እምብርት ያህል፣ ማለት ግማሽ ጎማ ከፍታ እንዲኖረው ያዛል። ልኩ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ መለኪያውም ጎማው ራሱ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ግድቡን ስለሚሸረሽረው ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዝናብ በኋላ እንደገና መጠገን ያስፈልገዋል።

የሚሽከረከረው፣ የሚታጠፈውና የተንጠለጠለው

ኤክስካቫተር በቆመበት ይዞራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ከፊት ያለውን ባኬት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ግን ከኋላ ያለው የሚዛን ክብደት ነው። መኪናው በደቂቃ አሥር ያህል ዙር ሊዞር ስለሚችል ግማሽ ዙር ለመዞር የሚፈጅበት ሦስት ሴኮንድ ነው። በመኪናው ጀርባና በዓለቱ ግድግዳ መካከል፣ ወይም በመኪናው ጀርባና በቆመ ገልባጭ መኪና መካከል ሰው ሊያልፍበት የሚችል የሚመስል ጠባብ መተላለፊያ ሲኖር፣ ያ መተላለፊያ የሚዘጋና የሚከፈት መጅ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ቦታ በገመድ ወይም በድንጋይ መታጠር ይገባዋል፤ ኦፕሬተሩን ለማነጋገር የሚፈልግ ካቦም ቢሆን ከሩቅ በምልክት ጠርቶ፣ ኦፕሬተሩ አይቶት ባኬቱን መሬት ካሳረፈ በኋላ ብቻ ይቅረብ።

ሎደር ደግሞ ወገቡ ላይ ይታጠፋል። የፊተኛውና የኋለኛው አካሉ በሚገናኙበት ስፍራ አንድ ሰው ሊቆምበት የሚበቃ ክፍት ቦታ አለ፤ መካኒኩ ግሪስ ለመቀባት፣ ረዳቱ ወደ ጋቢናው ለመውጣት በዚያ ይቆማል። ሞተሩ ተነሥቶ መሪው በተዞረ ጊዜ ያ ክፍት ቦታ ይጠፋል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ሲሉ ወገቡ እንዳይታጠፍ የሚይዝ የብረት መቆለፊያ ከመኪናው ጋር አብረው ይሠራሉ፤ በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ግን ይህ ብረት ወልቆ ለሌላ ነገር ሲያገለግል ይታያል። መኪና የሚከራይ ነጋዴ ጎማውንና ሞተሩን እንደሚመረምር ሁሉ ይህን ብረት «የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ካሶኒው ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ ገብቶ የሚሠራ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት የጎማ ቱቦ አደራ ሰጥቷል። ካሶኒውን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆየው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዘው ቱቦ ሲፈነዳ ወይም ሌላ ሰው ሳያውቅ መዘውሩን ሲነካው ካሶኒው ይወርዳል። ስለዚህ በብረት ድጋፍ ሳይያዝ ከሥሩ አይገባም። ክሪክም ብቻውን ድጋፍ አይደለም፤ ክሪክ ማንሻ ነው፣ የሚያቆየው ከሥሩ የተደረደረ ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት ማቆሚያ ነው። መኪና ሲቆም ባኬቱ መሬት ላይ ይረፍ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ከጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ ቁልፉም ይነቀል። በአገራችን የጭነት መኪና ረዳት ድንጋይ ይዞ ከጎማ ኋላ መሮጡ የተለመደ ነው፤ ይህ መልካም ልማድ በካባም ውስጥ አይርሳ።

ክሬሸሩን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው፤ ፍርዱ ግን ከባድ ነው። ትልቅ ድንጋይ በመንጋጋው ውስጥ ተቀርቅሮ ሥራው ሲቆም፣ አንድ ብርቱ ወጣት ዲጂኖ ይዞ ይወጣና ይገባል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ድንጋዩ የተለቀቀ መስሎት ያስነሣዋል። የዚህ መድኃኒቱ አንዲት ጓጉንቸር ናት። ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቶ በጓጉንቸር ይቆለፍ፤ መክፈቻውም ከሚገባው ሰው ኪስ አይውጣ፤ ሁለት ሰው የሚገባ ከሆነ ሁለት ጓጉንቸር ይሁን። የቺንጋውም ነገር እንዲሁ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚሄድ ቺንጋ የያዘውን ጨርቅ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ 75 ሳንቲ ሜትር ይጎትታል፤ ይህም የአንድ ሰው ክንድ ርዝመት ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ በሚሽከረከር ቺንጋ አጠገብ መቆም የማይገባው ስለዚህ ነው። የደጋው ማለዳ ብርድ መሆኑ እርግጥ ነው፤ አሠሪው አካል የሚጣበቅ ወፍራም ሹራብ ወይም ካፖርት ቢያቀርብ ጋቢው ከቤት ይቀራል።

ጥላ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዋግ ምድር ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ተራ ነገር አለ፤ እርሱም ጥላ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሳህላ ሲወረድ ፀሐዩ ይበረታል። ካባ የሚከፈትበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ የሚመነጠር ስለ ሆነ ዛፍ አይገኝበትም። እኩለ ቀን በደረሰ ጊዜ በሥራው ቦታ ሁሉ ያለው ጥላ የመኪናው ጥላ ብቻ ነው። ሠራተኛው ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ በሁለቱ ጎማ መካከል ጋደም ይላል። በጾም ወራት ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ሲሆን እንቅልፉ ይከብዳል። ሾፌሩ ምሳውን በሌላ ስፍራ በልቶ ሲመለስ በወዲያኛው በኩል ይመጣል፣ ይወጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ያጠፋው ማነው? ሠራተኛው ጥላ ፈለገ፤ ሾፌሩ ሥራውን ጀመረ።

አሠሪው ግን ስምንት ቋሚ እንጨትና ጥቂት ቅጠል አቁሞ ዳስ ቢጥል ኖሮ ጥያቄው ራሱ ባልተነሣ ነበር። ለሠርግና ለተዝካር ዳስ መጣል የማይከብደው አገር ለሥራ ቦታ ዳስ መጣል ሊከብደው አይገባም። በዳሱ ሥር አንድ በርሜል ውኃ ቢቀመጥ ሠራተኛው ራሱ ወደዚያ ይሄዳል፤ ማንም ሊያስገድደው አያስፈልግም። ሾፌሩም ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አንድ ጊዜ፣ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ሁለት ጊዜ፣ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ሦስት ጊዜ ክላክስ ነፍቶ ጥቂት ሴኮንድ መቆየት በብዙ አገር የማዕድን ሥራ የተለመደ ምልክት ነው። ክላክስ ነፍቶ ወዲያው መንቀሳቀስ ግን ጥቅም የለውም፤ የተኛ ሰው ነቅቶ፣ ተነሥቶ፣ ከጎማው ሥር እስኪወጣ ጊዜ ያስፈልገዋል።

በካባ ውስጥ የሚገባው ሠራተኛ ብቻ አለመሆኑም መታወስ ይኖርበታል። ፍየሉ የጠፋበት እረኛ፣ አቋራጭ የሚፈልግ ገበያተኛ፣ ውኃ የቀዳች ሴት፣ የተበተነ ብረት የሚለቅም ልጅ ሁሉ ይገባሉ። በገበያ ቀን የመንገዱ ሕዝብ ብዛት ሲጨምር በዋናው መውጫ ላይ አንድ ጠባቂ ማቆም የሚያስወጣው ገንዘብ የአንድ ሰው የቀን ሒሳብ ነው።

ቋንቋውን የሚያውቀው ማነው?

ዋግ ኽምራ የኽምጣኛ አገር ነው። በከተማው አማርኛ የማይናገር ጥቂት ቢሆንም፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ የሚቀጠረው ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው። ኦፕሬተሩ ከሸዋ ወይም ከጎጃም፣ አንዳንድ ጊዜም ከቻይና የመጣ ይሆናል። «ዞር በል!» የሚል ድምፅ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ተሰምቶ፣ ተተርጉሞ፣ ተፈጽሞ የሚያድን መሆን አለበት። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው የእጅ ምልክት ነው፤ ቁም፣ ና፣ ሂድ፣ ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ የሚሉት አምስት ምልክቶች ለሁሉም አንድ ሆነው በመጀመሪያው ቀን ይሰጡ። ሁለተኛው ካቦው ኽምጣኛ ተናጋሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ ቆሞ «ዛሬ ኤክስካቫተሩ በዚህ በኩል ይቆፍራል፤ በዚያ በኩል ማንም አይለፍ» ብሎ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገር ካቦ ከአንድ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይልቅ ይጠቅማል። ሰሌዳውን የማያነብ ብዙ ነውና።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ካለ ሕጉን ይመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጉዳት በደረሰ ጊዜም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ከዚህ ኃላፊነት የሚድንበት አንዱ መንገድ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ሲገኝ ነው። እንግዲህ መመሪያው በግልጽ ካልተሰጠ፣ ወይም ሠራተኛው በማያውቀው ቋንቋ ከተሰጠ፣ አሠሪው በዳኛ ፊት ቆሞ «ነግሬው ነበር» ለማለት የሚያበቃው ምን ማስረጃ ይኖረዋል? የአምስት ደቂቃው የጠዋት ንግግር፣ ከሠራተኞቹ ስምና ፊርማ ጋር በመዝገብ ቢቀመጥ፣ ለሠራተኛው ሕይወት ለአሠሪውም ማስረጃ ይሆናል።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሣ፣ በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተወሰነ በቀር፣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ቢሆን 360,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። መኪናውን ያከራየው ባለቤትም «እኔ በቦታው አልነበርሁም» ብሎ መተኛት አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪናውን፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። እንግዲህ በኪራይ ውል ውስጥ ስለ ነዳጅና ስለ ሰዓት የሚጻፈውን ያህል፣ ምልክት ሰጪውን የሚቀጥረው ማን እንደ ሆነ፣ ስፖኪዮውና የኋላ ማርሽ ጩኸቱ መሥራታቸውን የሚያረጋግጠው ማን እንደ ሆነ፣ ለሠራተኞቹ መድን የሚገባው ማን እንደ ሆነ ሁለት መስመር ቢጨመር ለሁሉም ይበጃል። ይህ ሁለት መስመር ባለመኖሩ ነው አደጋ በደረሰ ማግሥት አከራይና ተከራይ ጣት የሚጠቋቆሙት።

በሌላው ዓለም ከዚህም አልፈው ሄደዋል። አሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በመሬት ውስጥ በሚሠራ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የመቁረጫ መኪና ሰው ሲጠጋው በራሱ የሚቆምበት መሣሪያ እንዲገጠምለት አዝዛለች፤ ደቡብ አፍሪካም ለማዕድን ተሽከርካሪዎች ተመሳሳይ ደንብ አውጥታለች። ለሰቆጣ ካባ ይህ መሣሪያ ለጊዜው ሩቅ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ኖራው፣ ድንጋዩና ምልክት ሰጪው ከሚሠሩት የተለየ አይደለም፤ ሰውንና መኪናን ማለያየት ነው።

የተጨፈለቀ ሰው ሲገኝ

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ አደጋው ቢደርስስ? በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. ለንደን በአይሮፕላን ቦምብ በምትደበደብበት ጊዜ ባይወተርስና ቢል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ከፈራረሰ ቤት ሥር ብዙ ሰዓት ተጨፍልቀው ቆይተው በሕይወት የወጡ ሰዎች መጀመሪያ ደኅና መስለው ታይተው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ኩላሊታቸው ሥራውን አቁሞ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የተጨፈለቀ ሥጋ ይሞታል፤ ክብደቱ ሲነሣለት በሞተው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው መርዝ በደም ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ልብን በደቂቃ ውስጥ ሊያቆም፣ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ አደጋው አሁን የደረሰ ሲሆን ክብደቱን በጥንቃቄ ፈጥኖ ማንሣት ይገባል። ሰውየው እግሩ ወይም ጭኑ ተይዞ ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን፣ የጤና ባለሙያ ደርሶ በደም ሥሩ ፈሳሽ መስጠት ከጀመረለት በኋላ ቢወጣ ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ የወጣ ሰው «ደኅና ነኝ፣ ይናገራል፣ ውኃም ጠጣ» ተብሎ ወደ ቤቱ አይላክ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለላት፤ ከአበርገሌ ወይም ከዳሃና ካባ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን ቅርብ አይደለም፤ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ከዚያም አልፎ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ይኖርበታል። በካባው ውስጥ የሚሠራ ስልክ የያዘው ማን እንደ ሆነ፣ ቁስለኛውን የሚወስደው የትኛው መኪና እንደ ሆነ፣ ያ መኪና ነዳጅ እንዳለው፣ ክብደት የሚያነሣው የትኛው ሎደር እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ስለዚህ ነው። አደጋው በደረሰ ሰዓት ይህን መመካከር ከጀመሩ ጊዜው ያልፋል።

ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ መንገዱን ሲያደርቀው የዋግ ካባዎች እንደገና ይከፈታሉ፤ አዝመራው ሲገባ ደግሞ አዲስ ገበሬዎች ሥራ ፍለጋ ይመጣሉ። ካለፈው ዓመት የቆየው ሠራተኛ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ አዲሱ አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ ሰው ከቆየው ሰው ጋር ጥንድ ሆኖ ይሠራ፤ በመጀመሪያው ጠዋትም መኪናዎቹ ቁልፋቸው ተነቅሎ፣ ባኬታቸው መሬት ላይ አርፎ በቆሙበት ሰዓት፣ የኖራው መስመር ይሰመር፤ ዳሱም ከዚያ አስቀድሞ ይተከል።